ያልበሰለው ፍግ

ሰንበሌጥ መንደር ውስጥ ሰው ሲገናኝ አስቀድሞ የሚጠያየቀው ስለ አፈር ነው። «አፈሩ እንዴት አደረ?» ይላል አንዱ። «ይመስገነው፣ ትንሽ ተሽሎታል» ይላል ሌላው። የልጁ፣ የጉልበቱና የዝናቡ ወሬ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ድሮ ቤቱ የታመመ ሰው ያለበት ጎረቤት እንደሚጠየቀው ማለት ነው። መቼ እንደተጀመረ የሚያስታውስ የለም። ልጆቹማ ዓለም ከተፈጠረ ጀምሮ እንዲህ ሲባል የኖረ ይመስላቸዋል።

ይርገዱ ለዚህ ጥያቄ እውነቱን መመለስ ከተወች ቆይታለች። «ደህና ነው» ብላ ታልፋለች። እውነቱንማ ማለዳ ማለዳ ጆሮው ይነግራታል። ጆሮ የሚሉት በየማሳው መሐል የተተከለውን፣ ቁመቱ ከጉልበት የማያልፍ፣ ችካል የሚመስል ነገር ነው። ገና ከጓሮ በሯ ብቅ ስትል ይቀድማታል።

«እንደምን አደሩ፣ ወይዘሮ ይርገዱ። አፈሩ ዛሬም ደክሟል። የሐሙስ ርጭት ይደርስዎታል።»

«አንተ ሰውዬ፣ አንድ ቀን እንኳ ደህና አደረ ብትል ምላስህ ይቆረጣል?» ትለዋለች።

ሐሙስ ሲደርስ ድሮኗ በአረርቲ በኩል ትመጣና ለየማሳው በልኩ የተመዘነለትን ነጭ ማዳበሪያ በትና ትመለሳለች። ከእሱ ሌላ አፈር ላይ የሚጨመር ነገር የለም። አረም እንኳ ተነቅሎ ማሳው ላይ አይጣልም፤ እሱም የሚሄድበት ቧንቧ አለው።

የመንደሩ ሰው የሚዘራው ቡጢ የሚያህለውን ሽንኩርት ነው። ሲከትፉት አያስለቅስም። ሽታም የለው፣ ጣዕሙም እንደሌለ ይቆጠራል፤ ግን በማዳበሪያ ብቻ ያድጋልና ማን ይጠላዋል። የአበሻ ሽንኩርት የምትተክለው ይርገዱ ብቻ ናት። ትንሿን፣ ቀይዋን፣ ገና ልጣጩ ሲነካ ዓይን የምታቃጥለዋን። የእሷ ዘር ራሱ ሽንኩርቱ ነው፤ አንዱን ፍሬ ሲተክሉት መሬት ውስጥ ተከፋፍሎ ቤተሰብ ይሆናል። በእናቷ ጊዜ አንዷ እናት ሽንኩርት ስድስት ሰባት ትወልድ ነበር። እየቆየ አራት፣ ከዚያ ሁለት ሆነ። ባለፈው ጥር ይርገዱ አንድ በተከለችበት ቦታ አንድ ብቻ ነቀለች፤ ያውም ከተከለችው ያነሰ።

አንድ ተክሎ አንድ መንቀል ምን ማለት እንደሆነ ገበሬ ያውቀዋል። የበሰበሰውና አይጥ የወሰደው ሲቀነስ ዘሩ እያለቀ ነው ማለት ነው። ለዘንድሮ የቀራት አንድ ሰፌድ እንኳ የማይሞላ ነው። ዘንድሮ ካልወለደ አለቀ፣ ደቀቀ። ሌላ ቦታ ሄዳ እንዳትገዛ ሌላ ቦታ የለም።

እንዲያም ሆኖ ቅምሻ አላስቀረችም። እናቷ «የተነቀለ ሽንኩርት ጎረቤት ሳይቀምሰው ቤት ውስጥ አይከተፍም» ትል ነበር። ባለፈውም ጥር እየሳሳች፣ እየሰሰተችም፣ ለየቤቱ ጥቂት ጥቂት ፍሬ አደረሰች። ጎረቤቶቿ በማግስቱ «ኧረ ወጡ! ጣት ያስቆረጥማል!» እያሉ መረቋት። እሷም ደስ አላት።

ይኸው እናቷ ስለ አፈርም የምትለው ነበራት። «ማዳበሪያ ቅመም ነው፤ ፍግ ግን እህል ነው። ቅመም ብቻ አብልተሽ ማንን ታኖሪያለሽ?»

ችግሩ፣ ፍግ ከየት ይምጣ? ከብቱ ያለው ፎቅ ላይ ነው። ከመንደሩ በላይ ባለው ጉብታ የቆመው ግራጫ ሕንፃ አሁንም በረት ይባላል። እያንዳንዱ ቤት እዚያ አንዳንድ ላም አለችው፤ ስሟን ያውቃል፣ ድምፅዋንም ነፋሱ ሲመች ይሰማል። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው ተረት ሰንበሌጥ ውስጥ ተረትነቱ ቀርቷል። እበቱ በቧንቧ ወርዶ ጋዝ ይሆንና በየምድጃው ይነድዳል። ዝቃጩም ደርቆ ለከተማ መብራት ይጫናል። መሬት የሚደርሰው ምንም የለም።

ሰኔ ሲገባ ይርገዱ ከረጢቷን ይዛ ወደ ጉብታው ወጣች። የበረቱ ኃላፊ ልዩነሽ የምትባል ልጅ ናት፤ የዚያው የሰንበሌጥ ልጅ።

«ልዩዬ፣ አንድ ከረጢት እበት ብቻ።»

ልጅቷ አፍንጫዋን ልትይዝ ምንም አልቀራትም። «እትዬ፣ እበት ምን ይሰራልዎታል?»

«አፈሬ ይብላው።»

«እበት እኮ በእሳት ነው የሚታሰበው። የወሰዱትን ያህል ምድጃዎ ይጠፋል።»

«ይጥፋ!»

«እትዬ ይሙቱ፣ የእርስዎ የአንድ ሰው ድርሻ ነው። ዓመት ሙሉ ቢጠፋ ጓሮዎን አያለብስም» አለች ልዩነሽ፤ ከልቧ አዝና ነው። ሆኖም እምቢ አላለችም። ከረጢቱን ሞልታ፣ ራሷ አሸክማት ላከቻት።

ይርገዱ የዚያን ዕለት ከእሳት ጋር ተለያየች። በሶ በጥብጣ ትጠጣለች፣ ቆሎ ትቆረጥማለች። ያመጣችውን እበት ከጓሮዋ ጥግ ጉድጓድ ቆፍራ ከተተችው፤ ቅጠል አለበሰችው፣ አፈር መለሰችበት። እስኪበስል ድረስ እዚያው ይቆያል። ትኩስ እበት ሽንኩርት ሥር እንደማይጣል ከእናቷ እጅ አይታ ነው ያደገችው፤ ለማንም የሚነገር ነገር መሆኑ ትዝም አላላት።

ይህን ስታደርግ ዘርጋው በአጥሩ በኩል አያት። ዘርጋው የቅርብ ጎረቤቷ ነው፤ ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ ሥራው ሰው መተረብ ሆኗል። ጥቂት ቀን ቆይቶ መጣባት።

«አንቺ ይርገዱ፣ በሶ በበሶ ሆንሽ። ሳትነግሪን መነኮስሽ እንዴ?»

ነገሩን ነገረችው። ስለ ዘሩም፣ ስለ ድርሻዋም። ዘርጋው ዘንድሮ የመጨረሻው መሆኑን ሲሰማ ቀልዱ ጠፋበት።

«ስንት ቢሆን ነው የሚበቃው?»

«እንጃ፣ አንድ መንደር ሙሉ እሳቱን አጥፍቶ ቢቀመጥ ይበቃ ይሆናል» አለችና ሳቀች። ቀልዷን ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሰንበሌጥ ቀዘቀዘ። የወጥ ሽታ ጠፋ። ይርገዱ ወደ ማን ቤት ብትገባ ምድጃው ድርግም ያለ ነው። «ኧረ ጠግበን ነው»፣ «ሙቀቱ ከብዶን እኮ ነው» ይሏታል፤ ሰኔ ላይ ምን ሙቀት አለ? ሰው ሁሉ ዓይኗን ማየት ይሸሻል። ልዩነሽ እንኳ መንገድ ላይ አግኝታት አንገቷን ደፍታ አለፈች። ይባስ ብሎ ማሬ ቤት ገባች። ማሬ ከታች ያለችው ጎረቤቷ ናት፤ አራስ ናት፣ ሕፃኑ ገና ክርስትና አልተነሳም። የአራስ ቤት ገንፎ የለም! ማሬ ከአልጋዋ ላይ ተቀምጣ በሶ ትጠጣለች።

«ምን ጉድ ነው ይሄ? አራስ በበሶ?»

«ትላንት ገንፎ ጠግቤ በልቼ ነው፣ እትዬ» አለች ማሬ፤ ፊቷን ወደ ሕፃኑ አዞረች።

ይርገዱ ተነስታ ወጣች። ወይ ሰው! ትላንት ሲመርቃት የነበረው ጎረቤት ዛሬ አንድ ጉርሻ ላለማጉረስ እሳቱን ደብቆ ይጠብቃታል። በሶ መጠጣት ስለጀመረች ደኸየች ብለው ፈርተዋት ይሆናል። እበት ነካች ብለው ተጸይፈዋትም ይሆናል። ይህን እያሰበች ያችን ሰፌድ የማትሞላ ዘር ተከለች፣ ፈጣሪን «አደራህን» አለች። በዚያው ሰሞን ሞጆ ያለችው እህቷ ታመመች ተብሎ ተጠራችና ማንንም ሳትሰናበት ሄደች።

እህቷ ሲሻላት ነው የተመለሰችው። ቡቃያው ሁለት ሦስት ቅጠል አውጥቶ ይጠብቀኛል ብላ ከመኪና ወርዳ እየተቻኮለች ስትመጣ፣ አጥሯ ሥር መንደሩ በሙሉ ቆሟል። ነጭ ለብሰዋል። ማሬም ሕፃኗን አቅፋ ወጥታለች። ሲያይዋት ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት።

«ግቢ፣ ግቢና ጓሮሽን እይ!» አለ ዘርጋው፤ ጥርሱ አልከደን ብሎታል።

ገባች። ማሳው ከዳር እስከ ዳር ጥቁር እበት ለብሷል። ወፍራም፣ እርጥብ፣ ትኩስ። ከላዩ እንፋሎት እንደ ጭስ ይነሳል።

«እንደምን ዋሉ፣ ወይዘሮ ይርገዱ» አለ ጆሮው ከእበቱ መሐል። «የአፈሩ ሙቀት ከፍ ብሏል። ምክንያቱ አልታወቀም።»

ለይርገዱ ሁሉም ነገር ባንድ ጊዜ ተገለጠላት። የጠፋው የወጥ ሽታ፣ የማሬ በሶ፣ የልዩነሽ አንገት መድፋት። ቀልዷን ቃል አድርገው ይዘውት፣ መንደሩ ሙሉ እሳቱን አጥፍቶ ለእሷ ተቀምጦ ኖሯል። ልቧ በምስጋና ሊፈነዳ ደረሰ። ወዲያውም ያ ልብ በድንጋጤ ቀዘቀዘ፤ ከእበቱ መሐል ብቅ ብቅ ያሉት ቅጠሎች ቢጫ ናቸው። አንዳንዱም ጫፉ ተቃጥሎ የተቆላ ቡና መስሏል።

ምን ትበል? ተንበርክካ አንዱን ፍሬ ፈለቀቀችው። በጣቷ መሐል ላላ፣ አሟለጨ፣ ሸተተ። ሁለተኛውም እንደዚያው። እልልታው ቀስ እያለ ጠፋ።

«ይርገዱ» አለ ዘርጋው፤ ድምፁ የሌላ ሰው ሆነ። «አበላሸን እንዴ?»

«እበት መብሰል አለበት፣ ዘርጋው። ሳይበስል ያቃጥላል።»

«ታዲያ አንቺ... እኔ እኮ ስትቀብሪው ሳይሽ፣ ትንሽ ስለሆነ አፍራበት ደበቀችው ብዬ ነው! እንዳታፍር በግላጭ እንሙላላት ብዬ ነው ሰዉን ሁሉ የቀሰቀስኩት!»

እንግዲህ በዚህ ዘመን በዘርጋው ላይ የሚፈርድ ማን አለ? እድሜ ልኩን ያየው ማዳበሪያ ሐሙስ ተበትኖ ዓርብ የሚሠራ ነው። እበት እንደ ወጥ ጊዜ ይፈልጋል ብሎ የነገረው የለም። የምታውቀው አንዷ ይርገዱ ብቻ ነበረች፤ እሷም አልተናገረችም።

ይርገዱ ተነሳች፣ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። እንባዋ እየወረደ ነው። ግን እያንዳንዳቸውን ዞራ ሳመች። «እግዜር ይስጥልኝ» አለች። «ዘሬ ሞተ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሁለቱም እውነት ነው፣ ምን ላድርግ?» ማሬ ላይ ስትደርስ ሕፃኑንም ሳመችው።

ሰው አንገቱን ደፍቶ ወደየቤቱ ተበተነ።

በማግስቱ ማለዳ ጆሮው ገና ሰላምታውን ሳይጨርስ በሩ ተንኳኳ። ማሬ ናት። ከነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ፈታች። ጥቂት ፍሬ የአበሻ ሽንኩርት። ቀይ፣ ደረቅ፣ ደህና።

«ከየት አመጣሽው?»

«እርስዎ የሰጡኝ ነው። የባለፈው ጥር ቅምሻ።»

«ጣት ያስቆረጥማል ብለሽኝ አልነበር?»

«ዋሸሁዎት እትዬ» አለች ማሬ መሬት መሬት እያየች። «እንዴት እበላዋለሁ? ጓዳ ሰቅዬው ነበር። ስገባ ስወጣ ሲሸተኝ እናቴ ጓዳ ውስጥ ያለች ይመስለኛል።»

ማሬ ሳትወጣ ሌላ ሰው መጣ። ከእሱ ኋላም ሌላ። አንዷ ለልጇ ሰርግ ብላ አስቀምጣው ኖሯል፤ አንዱ አባወራ ደግሞ «ሲያልቅ ምን አሸታለሁ ብዬ» አለ። ጥቂቱ ደርቋል፣ ጥቂቱ አቆጥቁጧል፣ አብዛኛው ግን ዘር ነው። ወጡ ጣፈጠ፣ ጣት አስቆረጠመ ብሎ የማለላት ጎረቤት ሁሉ ሳይበላው ኖሯል። ይርገዱ ሰፌዱን አቀረበች፣ ሰፌዱ ሞላ። እያለቀሰች ሳቀች። «የውሸታም መንደር!» አለች። «እናንተ ውሸታሞች! እድሜ ይስጣችሁ!»

በመጨረሻ ዘርጋው መጣ። እጁ ባዶ ነው።

«እኔ በልቼዋለሁ» አለ። «አልዋሽም። ወጡም እውነት ጣፍጦኝ ነበር።»

«አንተማ! አንድ እንኳ እውነተኛ ሰው አይጥፋ።»

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነው፤ ያፈሰስኩትን ልልቀም። አካፋውን ስጪኝ።»

እበቱን ከማሳው ላይ ጠርጎ የጨረሰው መንደሩ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ፣ ከጓሮዋ ጥግ ቆለሉት። ይርገዱ በዚህ ጊዜ አፏን አልዘጋችም፤ ቅጠሉን እንዲህ፣ አፈሩን እንዲህ፣ ውሃውን ከዚህ እንዳታስበልጡ እያለች አዘዘች። ክረምቱን ሙሉ እየተፈራረቁ ሲያገላብጡት ከረሙ። ልዩነሽም ከበረቱ ስትወርድ ጎራ ትላለች። አንድ ቀን እጇን ከክምሩ ውስጥ ከትታ «እንዴ፣ ይሄ እኮ ልክ እንደ ሰው ይሞቃል!» ብላ ጮኸች። እየቆየ ሙቀቱ በረደ፣ ጥቁረቱ ጠራ፣ እበትነቱ ጠፋ። ልዩነሽ አፍንጫዋ ድረስ አንስታ አሸተተችው። ዝናብ የመታው መሬት ነው የሚሸተው።

ጥቅምት ላይ ፍጉን ከአፈሩ አዋህደው የቅምሻውን ዘር ተከሉ፣ ከወንዙም ውሃ ጠለፉለት። ሐሙስ ድሮኗ ስትመጣ ይርገዱ ቀና ብላ አየቻት። ማሳውን ዞረችው፣ እንደ ማመንታት አለች፣ ከወትሮው ግማሽ ያህሉን ብቻ በትና ሄደች።

«እንደምን ዋሉ፣ ወይዘሮ ይርገዱ» አለ ጆሮው። «አፈሩ ግማሹ ይበቃዋል። ምክንያቱ አልታወቀም።»

«እኔ አውቃለሁ» አለች። «ቅመሙን አልጠላነውም፣ ልኩን ነው ያገኘነው።»

ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ወጣ፣ ጠነከረ፣ ቆመ። ሰው ወደ ሥራው ሲሄድ በአጥሯ በኩል ሳያይ አያልፍም። «አፈሩ እንዴት አደረ?» ይሏታል። «ደህና» ትላለች፤ ቃሉ አፏ ላይ እንግዳ ይሆንባታል።

ጥር መጣ፣ ቅጠሉ ወደቀ፣ የመንቀያው ቀን ደረሰ። መንደሩ ከአጥሩ ሥር ቆመ፤ በዚህ ጊዜ ነጭ የለበሰም፣ እልል ያለም የለም። ይርገዱ ጎንበስ አለች። አንዷን እናት ሽንኩርት ከግንዷ ይዛ ሳብ አደረገቻት። መሬቱ ለስላሳ ነበርና ወዲያው ለቀቀላት። አፈሩን አራገፈች።

ቤተሰብ ነው። ትከሻ ለትከሻ የተጣበቁ፣ የወፈሩ፣ የቀሉ። ቆጠረቻቸው። እንደገና ቆጠረቻቸው።

«ሰባት» አለች ለራሷ። «ሰባት!»

ያኔ እልልታው መጣ። ዘርጋው ኮፍያውን ወደ ሰማይ ወረወረና አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረበት። ማሬ ሕፃኗን ከፍ አድርጋ አሳየችው፤ እሱ የገባው የእናቱ መሳቅ ብቻ ነው። ይርገዱ ከሁሉ በፊት የሁሉንም ቅምሻ ለየች፤ ከዓምናው ከሦስት እጥፍ በላይ ሆነ። «ዘንድሮ ግን ትበሉታላችሁ!» አለች ጣቷን ቀስራ። «ከየቤታችሁ የወጥ ሽታ ካልመጣኝ እመለስበታለሁ!» ሰው እየሳቀ፣ እየመረቃት ሄደ።

ማሳው ላይ ከጆሮው ጋር ቀረች።

«ወይዘሮ ይርገዱ» አለ ጆሮው። «ምርቱ ከተጠበቀው በላይ ነው። አፈሩ ላይ ያልተመዘነ ነገር ተጨምሯል። የተጨመረውን ይግለጹ። ያልተገለጸ ማሳ ለሚቀጥለው ዘመን ይዘጋል።»

«ፍግ ነው።»

«ይህ ቃል የለኝም። የተጨመረውን ይግለጹ።»

ይርገዱ ወደ ጆሮው ዞረች። ቃሉ ራሱ የለውም፤ እናቷ ስንት ጊዜ የጠራችው ቃል። ከዚያ የያዘቻትን ሽንኩርት ጭኗ ላይ አድርጋ ከጆሮው አጠገብ መሬቱ ላይ ተቀመጠች።

«የማሬ ገንፎ አለበት» አለች። «ለአራስ የተገባ ገንፎ። ሰዉ የአንቺስ ይቅር ሲላት እምቢ ብላ ያጠፋችው እሳት። የልዩነሽ ጀርባ አለበት፤ ያን ሁሉ ከጉብታው ያወረደችው ልጅቷ ናት። የዘርጋው ትኩስ እራት አለበት፤ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ያለችው ደስታ እሷ ብቻ ናት። የሌሎቹም ወጥ፣ የልጆቻቸው ሙቅ ውሃ። ሳይበሉ በልተናል ያሉኝ ውሸትም አለበት፤ ዘሩ እሱ ነው።»



«አልተመዘገበም» አለ ጆሮው በዚያው በለሰለሰ ድምፅ። «እባክዎ ከመጀመሪያው ይድገሙት።»

ከታች፣ ከየቤቱ፣ ዓይን የሚያቃጥለው የአበሻ ሽንኩርት ቁሌት ሽታ መምጣት ጀምሯል። ይርገዱ በረጅሙ ሳበችው።

«ምን ገዶኝ፣ እደግመዋለሁ» አለች። «የማሬ ገንፎ አለበት...»